ጎርፍን በተክል መደብ ተቀብሎ ወደ መሬት ማስረግ፦ ከቦታ መረጣ እስከ ጥገና የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ

በ1 ካሬ ሜትር አስፋልት ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በዚህ ስሌት 1 ሺህ ካሬ ሜትር በሆነ የመኪና ማቆሚያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 25 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። ሣርና ዛፍ የለበሰ መሬት የዚህን ውሃ አብዛኛውን ክፍል ራሱ ይጠጣዋል፤ አስፋልት፣ ኮንክሪትና ቆርቆሮ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ቱቦና ወደ ወንዝ ያንደረድሩታል። ውሃው በመንገዱ ላይ የሞተር ዘይት፣ የጎማ ብናኝ፣ ከፍሬን ሸራ የሚረግፍ መዳብ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚታጠብ ዚንክ፣ አቧራና ደለል ጠራርጎ ይወስዳል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ኮሆ ሳልሞን የተባሉት ዓሦች ከዝናብ በኋላ በከተማ ጅረቶች ውስጥ በጅምላ ይሞቱ ነበር። በ2020 ይፋ የሆነ ምርምር ገዳዩ ለመኪና ጎማ መጠበቂያ የሚጨመር ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ውሁድ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ እዚያው የተደረጉ ሙከራዎች ያንኑ የመንገድ ጎርፍ በአሸዋና በብስባሽ ድብልቅ አፈር ውስጥ አሳልፈው ሲሰጧቸው ዓሦቹ በሕይወት እንደቆዩ አሳይተዋል። ይህ መመሪያ የሚያስረዳው ሥራ በዚሁ የአፈር ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዘዴው በባለሙያዎች ዘንድ ባዮሪቴንሽን ይባላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ሲንጋፖር በ2006 ባስጀመረችው የውሃ መርሐ ግብር፣ ቻይናም «የስፖንጅ ከተማ» በምትለው ዕቅድ ውስጥ አካትተውታል። በዚህ ጽሑፍ «አስራጊ መደብ» እያልኩ እጠራዋለሁ። መደቡ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ በተመረጠ አሸዋማ አፈር የተሞላና ተክል የለበሰ ጉድጓድ ሲሆን፣ ጎርፉን ተቀብሎ ለጥቂት ሰዓታት ያቆረዋል፤ ከዚያም እያጣራ ወደ ታች ያሰርገዋል።

ከወዲሁ አንድ ነገር ማስገንዘብ እፈልጋለሁ። ዓይን የሚስበው ተክሉ ስለሆነ ብዙ ሰው ሥራውን የአትክልተኛ ሥራ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ከከሸፉት መደቦች መካከል በተክል ምርጫ ብቻ የከሸፈ አላጋጠመኝም። መደብ የሚከሽፈው አፈሩ ሲረገጥ፣ ደለል ሲደፍነው ወይም የመግቢያውና የመውጫው ከፍታ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሳሳት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ አፈርና ስለ ከፍታ ልክ የተጻፈውን ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅማል።

1. ውሃውን መከተል

የመጀመሪያው ሥራ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ውሃውን መከተል ነው። ከየትኛው ጣሪያ እንደሚወርድ፣ በየትኛው የመንገድ ጠርዝ ተጠግቶ እንደሚፈስ፣ የት እንደሚያቁርና የት እንደሚፈጥን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በደረቅ ወቅት የተነሣ ካርታ እነዚህን ሁሉ አያሳይም፤ በአስፋልት ላይ ያለች የ2 ሴንቲ ሜትር ጉብታ እንኳ ውሃውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ልትመልሰው ትችላለች። የውሃውን መንገድ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ መደቡ የሚመጣውን ውሃ የማያሰርግ ገጽ በሜትር መለካትና በካሬ ሜትር መመዝገብ ይገባል።

አንድ መደብ ከ2 ሄክታር በላይ የሆነ ቦታ ጎርፍ እንዲቀበል ማድረግ አይመከርም። በእኔ አስተያየት ከዚያም እጅግ አንሶ ቢቀር ይሻላል፤ ለአንድ ሰፈር አንድ ግዙፍ መደብ ከመሥራት በየመንገዱ ጠርዝ ትንንሽ መደቦችን ማከፋፈል ውሃውን ጉልበት ሳያበጅ በቅርብ ለመያዝ ያስችላል፤ አንዱ ቢበላሽም ሌሎቹ ይሠራሉ።

2. ቦታ መምረጥ

መደቡ ከቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ ምድር ቤት ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ ቢርቅ ይመረጣል። በጉድጓዱ ወለልና ከፍተኛ በሆነበት ወቅት በሚለካው የከርሰ ምድር ውሃ መካከል ቢያንስ ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ደረቅ አፈር መኖር አለበት። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ መራቅ፣ በመሬት ውስጥ የተቀበረ የመብራት፣ የስልክና የውሃ መስመር መኖሩን ከመቆፈር በፊት ማጣራትም ግዴታ ነው። በነዳጅ ማደያ፣ በጋራዥ ግቢ ወይም ቀድሞ በተበከለ መሬት ላይ ውሃውን ወደ ከርሰ ምድር ማስረግ አደገኛ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ጉድጓዱ ውሃ በማያሳልፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተሸፍኖ፣ የተጣራው ውሃ በቧንቧ እንዲወጣ ይደረጋል።

ነባር ትልቅ ዛፍ ካለ ሥሩን ቆርጦ መደብ መሥራት ትርፍ የለውም፤ ያ ዛፍ ራሱ ውሃ እየያዘ ነውና።

3. የመሬቱን ስርገት መለካት

መሬቱ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር ውሃ እንደሚጠጣ ሳይታወቅ የሚሠራ መደብ በግምት የተሠራ ነው። ለመለካት በታሰበው ቦታ፣ መደቡ በሚደርስበት ጥልቀት ላይ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በእጅ ይቆፈራል። ዶማና አካፋ የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ሸክላ ስለሚለስኑት፣ ግድግዳው በቢላ ጫፍ ወይም በምስማር ጫር ጫር መደረግ አለበት፤ አለዚያ ውሃው በአፈሩ ሳይሆን በልስኑ የተነሣ ቆሞ ሊያሳስት ይችላል። ከዚያ ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቶ ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ይጠበቃል። ይህ የመጀመሪያው ውሃ አፈሩን ለማራስ ብቻ ስለሆነ አይቆጠርም። ለሁለተኛ ጊዜ ተሞልቶ፣ በጉድጓዱ ውስጥ በቆመ ማስመሪያ በየ30 ደቂቃው የውሃው መውረድ ይመዘገባል። በ2 ሰዓት ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ስርገቱ በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ነው።

በዚህ መንገድ የተገኘው ቁጥር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ከፍ ይላል፤ በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው በወለሉ ብቻ ሳይሆን በግድግዳውም ይሰርጋልና። መደቡም ከዓመታት በኋላ በደለል መጠነኛ መደፈን አይቀርለትም። ስለዚህ ለስሌት የሚያዘው የተለካው ግማሽ ነው፤ 30 ከተለካ 15 ይያዛል። ግማሹ በሰዓት ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መደቡ ያለ ቧንቧ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ካነሰ፣ በተለይ ሸክላማ በሆነ መሬት፣ ከሥር የተበሳሳ ቧንቧ መቅበር ያስፈልጋል። ሰፊ መደብ ከሆነ ልኬቱን ቢያንስ በሦስት ቦታ መድገምና ዝቅተኛውን መውሰድ ተገቢ ነው።

4. ስፋቱንና ጥልቀቱን ማስላት

ለመነሻ ያህል፣ የመደቡ ወለል ጎርፉን ከሚልከው ገጽ 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ግን በስሌት መፈተሽ አለበት። ምሳሌ እንውሰድ። 600 ካሬ ሜትር መንገድና 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ውሃቸውን ወደ መደቡ ይልካሉ እንበል። መደቡ እንዲይዘው የተፈለገው ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ከወረደው ዝናብ 95 በመቶ ያህሉ ይፈሳል ብለን ብንይዝ፣ 800 በ0.025፣ እንደገናም በ0.95 ሲባዛ 19 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል።

አሁን 1 ካሬ ሜትር መደብ ስንት ውሃ እንደሚይዝ ይሰላል። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያቁራል። ከሥሩ ያለው 75 ሴንቲ ሜትር አፈር ከይዘቱ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይይዛል። 30 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ደግሞ በመካከሉ ያለው ክፍተት 40 በመቶ ያህል ስለሆነ 12 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ድምሩ 47 ሴንቲ ሜትር ነው። 19 ለ0.47 ሲካፈል 40 ካሬ ሜትር ያህል ይመጣል፤ ይህም ከ800 ካሬ ሜትር 5 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ ስፋት የሚለካው በመደቡ ወለል ላይ እንጂ ተዳፋት በሆኑት ጎኖች ጫፍ ላይ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

የመጨረሻው ፍተሻ የጊዜ ነው። በሰዓት 15 ሚሊ ሜትር የሚያሰርግ መሬት በላይ ያቆረውን 200 ሚሊ ሜትር ለመጠጣት 13 ሰዓት ያህል፣ መላውን 470 ሚሊ ሜትር ለመጠጣት ደግሞ 31 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በገጹ ላይ የቆመው ውሃ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ መጥፋት አለበት። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ በራሪ እስክትሆን በሞቃት አየር እንኳ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅባት፣ ይህን ወሰን የሚጠብቅ መደብ የወባም ሆነ የሌላ ትንኝ መራቢያ አይሆንም። የአካባቢው ነዋሪዎች በመጀመሪያ የሚያነሡት ስጋት ይኸው ስለሆነ ቁጥሩን ይዞ ማስረዳት ይገባል። የዝናቡ መጠን ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ በ8ኛው ክፍል ተገልጿል።

5. መቆፈር

ቁፋሮው የሚጀመረው በዙሪያው ያለው ግንባታ ካለቀና ባዶ የነበረው አፈር ሣር ከለበሰ በኋላ ነው። በግንባታ መካከል የተከፈተ መደብ አንድ ክረምት ሳይሞላው በጭቃ ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ አፈሩን አውጥቶ በአዲስ ከመተካት ሌላ መድኃኒት የለውም። የግንባታው መርሐ ግብር የግድ ካስገደደ፣ መግቢያዎቹ በአሸዋ ከረጢት ተዘግተው መቆየት አለባቸው።

ኤክስካቫተሩ ከጉድጓዱ ውጭ ቆሞ በክንዱ መቆፈር እንጂ ወደ ጉድጓዱ መግባት የለበትም። አንድ ጊዜ በከባድ መኪና የተረገጠ የጉድጓድ ወለል፣ በሙከራ ጊዜ ያስገኘውን ስርገት ዳግም ላያስገኝ ይችላል። መሬቱ እርጥብ በሆነበት ቀን ደግሞ ጨርሶ አለመቆፈር ይሻላል። የተፈለገው ጥልቀት ላይ ሲደረስ፣ ወለሉ ውሃ ልክ ተይዞ ይደላደላል፤ ከዚያም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በዶማ ወይም በማሽኑ ጥርስ ይበረበራል። ጎኖቹ ቦታ ካለ በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ለስላሳ ተዳፋት ይሰጣቸዋል፤ ይህም ለሕፃናት ደኅንነት ይረዳል።

ረጅምና ጠባብ መደብ ተዳፋት በሆነ መንገድ ዳር ሲሠራ፣ ውሃው ሁሉ ወደ ታችኛው ጫፍ ሮጦ እዚያ ብቻ እንዳያቁር፣ መደቡ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እርከን ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ደልዳላ ወለል እንዲኖረው ይደረጋል።

6. ጠጠርና ቧንቧ

ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የታጠበ ትልቅ ጠጠር ይነጠፋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር። «የታጠበ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ከድንጋይ ካባ በቀጥታ የመጣ ጠጠር የተሸከመው ዱቄት ታጥቦ ወደ ወለሉ ይወርድና እንደ ልስን ይሸፍነዋል። በአፈሩና በጠጠሩ መካከል ጂኦቴክስታይል ጨርቅ የሚያነጥፉ ብዙዎች ናቸው። አላማው አፈሩ ወደ ጠጠሩ እንዳይወርድ ነው፤ ነገር ግን ጨርቁ ራሱ በደቃቅ አፈር ተደፍኖ ውሃውን ሲያቆም ታይቷል። ለዚያ አገልግሎት ደቃቁ ጠጠር ይበቃል።

ቧንቧ ካስፈለገ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተበሳሳ ፒቪሲ በትልቁ ጠጠር ውስጥ ይቀበራል። በአንዱ ጫፍ ያልተበሳ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ከሚያቁረው ውሃ በላይ በክዳን ይዘጋል፤ ወደፊት ቧንቧው ሲደፈን በውሃ ግፊት የሚጠረገው በዚህ በኩል ነው። ይህ ቀጥ ያለው ክፍል አንዲት ቀዳዳ እንኳ ቢኖረው ውሃው በአፈሩ ሳይጣራ በአቋራጭ ስለሚወርድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በመውጫው በኩል ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ገጥሞ ቧንቧውን ከጠጠሩ ወለል ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነ ብልኃት ነው። ከታች የሚቀረው ውሃ አየር ያጣል፤ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ይለውጡታል፤ በደረቁ ወቅትም ሥሮች ከዚያ ይጠጣሉ። ያለዚህ ብልኃት የተሠራ መደብ ደለልንና ከባድ ብረቶችን በሚገባ ቢይዝም ናይትሬትን እምብዛም አያስቀርም።

7. የአፈሩ ድብልቅ

የመደቡ ልብ ይህ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ጥሩ መስሎ ቢታይም ብቻውን መልሶ መሙላት አይቻልም፤ እርሻን የሚመግብ ለም አፈር ለዚህ ሥራ እጅግ ደቃቅ ነው። እኔ የምመርጠው ድብልቅ በይዘት ከ75 እስከ 80 በመቶ የታጠበ ሸካራ አሸዋ፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለም አፈር፣ ቀሪው 10 በመቶ ያህል በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ነው። በጠቅላላው ድብልቅ ውስጥ ሸክላና ደለል ተደምረው ከ10 በመቶ ባይበልጡ ይመረጣል። ድብልቁ ተሞልቶ ሲረጋ በሰዓት ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ውሃ ማሳለፍ አለበት። ከዚህ ከፈጠነ ውሃው ሳይጣራ ያልፋል፤ ተክሉም ይጠማል።

ብስባሹን ማብዛት ተክሉን ያፋፋዋል፤ ይሁን እንጂ ፎስፈረስና ናይትሬት እየታጠበ ከመደቡ ስለሚወጣ ውሃን ለማጥራት የተሠራው ነገር ራሱ በካይ ይሆናል። ጥሬ ፍግ በዚሁ ምክንያት ፈጽሞ አይጨመርም። የበሰለ ብስባሽ የዝናብ መሬት ሽታ ይሸታል፣ ሲጨበጥ አይሞቅም፣ የመጣበትን ቅጠልም መለየት አይቻልም።

አቅራቢው ያመጣውን ድብልቅ ላቦራቶሪ ልኮ ማስመርመር የተሻለው መንገድ ነው፤ ነገር ግን መኪናው ጭነቱን ከመገልበጡ በፊት በቦታው ላይ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። አንድ ብርጭቆማ ማሰሮ እስከ ግማሹ በድብልቁ፣ ቀሪው በውሃ ተሞልቶ በኃይል ይናጥና ደልዳላ ቦታ ላይ ይቀመጣል። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከታች ይረጋል። ደለሉ በጥቂት ሰዓታት በላዩ ይነጠፋል፤ ሸክላው ደግሞ በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ ሊቆይ ይችላል። በአሸዋው ላይ የተነጠፈው ደቃቅ ንብርብር ከጠቅላላው ቁመት ከአንድ አሥረኛ ጎልቶ ከበለጠ ጭነቱን መመለስ ነው። በተጨማሪ አንድ ጭብጥ እርጥብ ድብልቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲታሽ እንደ ጥብጣብ ከተዘረጋ ሸክላ በዝቶበታል፤ ተሰባብሮ ከወደቀ ደኅና ነው።

አፈሩ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ ይሞላል። ሮለርም ሆነ መጠቅጠቂያ ማሽን አይነካውም፤ በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ ውሃ በማርከፍከፍ ብቻ እንዲረጋ ይደረጋል። ከጊዜ በኋላ ስለሚሟሽሽ እስከ 10 በመቶ ትርፍ ይታሰባል፤ በምሳሌያችን መደብ 30 ሜትር ኩብ አፈር ሲያስፈልግ 33 ይታዘዛል። ሠራተኞች ሳንቃ ላይ ቆመው እንዲሠሩ ማድረግ ይገባል። ብዙ ድካም የፈሰሰበት አፈር በመጨረሻው ቀን በጫማ ሲረገጥ ማየት ያሳዝናል፤ ዛፍ በሚተከልበት ቦታ አፈሩ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው።

8. መግቢያ፣ ትርፍ ውሃ መውጫና የከፍታ ልክ

ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ውስጥ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ይተዋል። ከዚህ ከጠበበ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስና ጥቂት ቅጠል ይዘጉታል። ውሃው እንደገባ በቀጥታ አፈሩ ላይ እንዳይወድቅ፣ በኮንክሪት ወይም በድንጋይ ወለል የተሠራ ትንሽ የደለል ማረፊያ ይዘጋጅለታል። ማረፊያው በአካፋ በቀላሉ የሚዛቅ ለስላሳ ወለል ይኑረው፤ በልቅ ድንጋይ ብቻ የተሞላ ማረፊያ ግን ደለሉን በድንጋዩ መካከል ስለሚደብቀው ማንም አያጸዳውም። የማረፊያው ወለል ከመንገዱ ውሃ መውረጃ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከመንገዱ እኩል ሆኖ ከተሠራ ጥቂት ደለልና የበቀለ ሣር መግቢያውን እንደ ደፍ ከፍ ያደርጉትና ውሃው አልፎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መደብ በዝናብ መካከል ቆሜ ተመልክቻለሁ፤ ጎርፉ በመግቢያው ፊት ሲያልፍ መደቡ ውስጥ ያለው አፈር ደረቅ ነበር።

ትርፉ ውሃ የሚወጣው የብረት ፍርግርግ ባለው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ወይም ቧንቧ ሲሆን፣ አፉ ከመደቡ ገጽ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከመግቢያው ርቆ ቢሆን ይመረጣል።

ከፍታዎቹን በአንድ ላይ እንያቸው። የመንገዱን ውሃ መውረጃ ዜሮ ብለን ብንጀምር፣ የመውጫው አፍ ከዜሮ በታች 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል፤ አለዚያ ውሃው ከመውጣቱ በፊት ወደ መንገዱ ይመለሳል። ማቆሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የተጠናቀቀው የመደቡ ገጽ ከዜሮ በታች 25 ላይ ነው። ገጹ ግን የጉዝጓዙ፣ ማለትም አፈሩን የሚሸፍነው የተከተፈ እንጨት ገጽ እንጂ የአፈሩ አይደለም። 7 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ስለሚለብስ አፈሩ ከዜሮ በታች 32 ላይ ማብቃት አለበት። ከዚያ 75 አፈርና 30 ጠጠር ሲጨመር የጉድጓዱ ወለል ከዜሮ በታች 137 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ተደጋግሞ የሚፈጸመው ስሕተት ጉዝጓዙን መርሳት ነው። አፈሩ እስከ 25 ከተሞላ በኋላ ጉዝጓዝ ሲደረብበት ማቆሪያው ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ መደቡም በላዩ እንዲይዝ ከታሰበው ውሃ ከሦስት እጅ አንዱን ያጣል። ስለዚህ አፈር ከመሞላቱ በፊት እነዚህ ቁጥሮች በእንጨት ችካል ላይ በቀለም ተጽፈው በጉድጓዱ ዳር መቆም አለባቸው፤ ሥራው ሲያልቅም በውሃ ልክ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

9. ተክል

መደቡ በዝናብ ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት ቢጥለቀለቅም ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በዚህ የተነሣ የረግረግ ተክሎችን፣ ለምሳሌ ፊላን፣ መትከል ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ደረቅ ወቅት ይጠወልጋሉ። የሚፈለገው ጎርፉንም ጥማቱንም የሚችል፣ ለአካባቢው አገር በቀል የሆነ ተክል ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሥሩን ማየት ይጠቅማል፦ ችግኙን ከላስቲኩ አውጥቶ ሥሩ እንደ ፀጉር የደቀቀና የበዛ መሆኑን መመልከት። በሜልበርን በሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ በተደረጉ ሙከራዎች ኬሬክስ አፕሬሳ የተባለው የቄጠማ ዘመድ ናይትሮጂንን በማስቀረት ጎልቶ የታየ ሲሆን፣ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ደቃቅ ሥር ያለው ነው። ሥሮች ሲያድጉና ሲሞቱ በአፈሩ ውስጥ የሚተዉት ቀዳዳ ውሃውን ወደ ታች ስለሚያወርደው፣ ተክሉ መደቡን ከመደፈን ይጠብቀዋል።

ከወለሉ ላይ ቄጠማና ረጃጅም ሣሮች፣ በጎኖቹ ላይ ቁጥቋጦ፣ በጠርዙ ላይ ድርቅ የሚወዱ ተክሎች ይደረደራሉ። በ35 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተተከለ በካሬ ሜትር 8 ችግኝ ገደማ ይገባል፤ ለ40 ካሬ ሜትር 320 ችግኝ ማለት ነው። አራርቆ መትከል ገንዘብ የቆጠበ ቢመስልም ክፍተቱን አረም ይወርሰዋል። የሚበላ አትክልት በዚህ መደብ አይተከልም፤ ከመንገድ የመጡ ብረቶች በላይኛው አፈር ውስጥ ይከማቻሉና።

ጉዝጓዙ የተከተፈና የተሰነጣጠቀ እንጨት ሆኖ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። ክብ ቅርፊትና ቀላል ፍቅፋቂ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ መውጫውን ይዘጋዋል።

10. እንክብካቤና ጥገና

በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ተክሎቹ ሥር እስኪሰዱ ድረስ በደረቅ ወቅት ውሃ ማጠጣትና አረም መንቀል ያስፈልጋል። ማዳበሪያም ሆነ ፀረ አረም መድኃኒት አይጨመርም። የሚሰጡት ሁሉ ተመልሶ ወደ ውሃው ይገባል። ከተቻለ ችግኞቹ እስኪይዙ መግቢያዎቹን በከፊል በአሸዋ ከረጢት መዝጋት፣ የመጀመሪያው ኃይለኛ ጎርፍ ነቅሎ እንዳይወስዳቸው ያደርጋል።

ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ በማግስቱ መደቡን መጎብኘት ልማድ መሆን አለበት። የሚታየው ጥቂት ነገር ነው፦ መግቢያው ተዘግቷል ወይ፣ የደለል ማረፊያው ምን ያህል ሞልቷል፣ የታጠበ አፈር አለ ወይ፣ ውሃው ወርዷል ወይ። ማረፊያው ግማሹ ሲሞላ ይዛቃል። ሁሉንም ጥገና ትተው አንዱን ብቻ መሥራት ግድ ቢሆንብዎ ይህንን ይሥሩ፤ በማረፊያው በአካፋ የሚነሣው ደለል ወደ አፈሩ ካለፈ የሚነሣው ከተክሉ ጋር ነው።

ውሃው ከ48 ሰዓት በላይ ከቆመ ምክንያቱን በቅደም ተከተል መፈለግ ይሻላል። መደቡ ቧንቧ ካለው፣ በቅድሚያ በ6ኛው ክፍል የተገለጸውን ቀጥ ያለ የመጥረጊያ ቧንቧ ክዳን ከፍቶ መመልከት ነው። በላይ ውሃ ቆሞ ቧንቧው ውስጥ ከመውጫው ጎሚቶ ከፍታ በላይ ውሃ ከሌለ፣ ችግሩ ያለው በአፈሩ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በላይኛው ቅርፊት ላይ ነው። ቧንቧውም እስከ ላይ ከሞላ መውጫው ተደፍኗል፤ በውሃ ግፊት ይጠረጋል። ቅርፊት ከሆነ ጉዝጓዙ ተሰብስቦ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የላይኛው አፈር በተክሎቹ መካከል በእጅ ይፋቃል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ንጹሕ መልክ ካለው በቂ ነው፤ አሁንም ጠቁሮ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ትንሽ ወደ ታች መውረድ ይገባል። ደለሉና ብረቶቹ በአብዛኛው የሚቀሩት በላይኛው አፈር ውስጥ ስለሆነ መላውን 75 ሴንቲ ሜትር መለወጥ እምብዛም አያስፈልግም።

የተፋቀው አፈርና ከማረፊያው የተዛቀው ደለል በእርሻ ወይም በጓሮ አትክልት ላይ መበተን የለበትም፤ ብዙ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ የመጣ ከሆነ ተመርምሮ ለዚያ በተፈቀደ ቦታ ይወገዳል። በምትኩ የሚገባው በ7ኛው ክፍል የተገለጸው ድብልቅ ሲሆን፣ ከተሞላ በኋላ ችካሉ ተመልሶ ይቆምና የአፈሩ ገጽ ከዜሮ በታች 32 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆኑ በውሃ ልክ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉዝጓዙ ይመለሳል።